የተቀመጥኩበት ስጦታ

ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የአሶሳ ሰው ከሆናችሁ ጥያቄው ስድብ ነውና ይቅር በሉኝ። ለሌላው ግን ላስረዳ። መጀመሪያ «ጓ!» ይላል። ቀጥሎ በቆርቆሮው ሽንሽን ላይ «ትርርር» እያለ ይንከባለላል። ከዚያ ዝም ይላል። ክፋቱ ዝምታው ላይ ነው፤ ሰው ትንፋሹን ይዞ መሬት እስኪደርስ ይጠብቃል። ማንጎው ደግሞ አንዳንዴ ጠርዙ ላይ ሰንበት ይላል፤ ሲፈልግ ይወርዳል።

ባለፈው ዓመት ግንቦት የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ይኸው ሆነ። ጓ፣ ትርርር፣ ዝም። የአንዱን ልጅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ ሦስት ጊዜም የተለያየ ውጤት አገኘሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ። አከራያችን እማማ ሲቲና በዚያ ሰሞን ኩርሙክ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነበር። ብዕሬን አስቀምጬ ከጎረቤት መጋዝ ተዋስኩና ቆርቆሮው ላይ የተዘረጋውን ቅርንጫፍ ገነደስኩት። ያን ዕለት ቤቱ ጸጥ አለ፤ ፈተናውንም አርሜ ጨረስኩ።

እማማ ሲቲና በሰኔ መጀመሪያ ሲመለሱ ከሻንጣቸው በፊት ዓይናቸው ዛፉ ላይ አረፈ። ምን እንዳገኘው ጠየቁኝ። እኔም፣ የሰላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ የሁለት ክፍል ኃላፊ መምህር፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ «ነፋስ ነው» አልኳቸው። ጉቶውን አዩት፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ማናገር ተዉ። ነገር ካላቸው በስድስት ዓመቷ ልጄ በሰሚራ በኩል ይልካሉ። ሰሚራ እሳቸውን «ሀቦባ» ነው የምትላቸው፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየሰማሁ «ለአባትህ ንገረው፣ ውሃው መጥቷል» ይሏታል። በእማማ ሲቲና አማርኛ ሴት የለም፤ ሰሚራም፣ ባለቤቴ ጦይባም፣ ፍየሏም ወንድ ናቸው። የእኔን በርታኛ ሲሰሙ እሳቸው እንዴት እንደሚስቁ ስለማውቅ ስለ ሰው አማርኛ አፌን አልከፍትም።

በሰኔ መጨረሻ የመጣው መልእክት ግን የውሃ አልነበረም። «ለአባትህ ንገረው፣ ከመስከረም በኋላ ቤቱን ልጄ ይፈልገዋል።»

ጦይባ ይህን ስትሰማ ድስቱን ምድጃው ላይ ትታ ቁጭ አለች። እኔና እሷ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጆች ነን። የተወለድንባቸው መንደሮች ስም የላቸውም፤ ያላቸው ቁጥር ነው። አገርህ የት ነው ሲሉኝ ቁጥር እናገራለሁ፤ የሒሳብ መምህር የሆንኩትም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። ቤታችን ብለን በስሙ የጠራነው የመጀመሪያው ቦታ ይህ ግቢ ነው። ሰሚራ የተወለደችው እዚህ ነው። በተወለደችበት ሳምንት ጦይባን ገንፎ ያበሏት እማማ ሲቲና ናቸው። ሌላ ቤት አይጠፋም ይሆናል፤ ሌላ ሲቲና ግን አይገኝም። ጦይባ ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ «ለመሆኑ ነፋሱ መጋዙን መልሷል?» አለችኝ። አልመለስኩም ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለሰሚራ ከክፍሏ አንደኛ ከወጣች አዲስ አበባ ወስጄ መዝናኛ ፓርክ እንደማስገባት ቃል ገብቼላት ነበር። አንደኛ ትወጣለች ብዬ አልጠረጠርኩም። ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በነሐሴ ሦስታችንም በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገባን፤ የባለቤቴ ወንድም ቤት አረፍን።

በእኛ ሰፈር በአውሮፕላን የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። በእግሩ ቢሄድ ይቅርታ አለው፤ ከሰማይ የመጣ ግን የለውም። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ «እንዲያው የምታስታውሰኝ ነገር» አለኝ፤ ሌላው የጫማ ቁጥሩን ነገረኝ። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ከፓርኩ ውስጥ ፎቶ ብቻ በቂው እንደሆነ ገልጾ፣ ፎቶው ግን ፍሬም እንዲኖረው አሳሰበኝ። እማማ ሲቲና ብቻ ምንም አላዘዙም። ጦይባ ደግሞ ቤቱን የሚያስቀርልን ለእሳቸው የሚመጣው ነገር መሆኑን አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ ነግራኛለች። ቀበቶዬን እያሰርኩ ተስማማሁ።

ፓርኩ ገብተን ገና ሰሚራ አንድ መጫወቻ ላይ ሳትወጣ ጦይባ ስጦታውን አገኘችው። ውሃ የተሞላች የመስታወት ኳስ ናት፤ ውስጧ የፓርኩ ሰው አሳፍሮ የሚሽከረከር ትልቅ ጎማ ቆሟል፣ ሲነቀንቋት በረዶ ይዘንባል። አዲስ አበባ መቼ እንዲህ በረዶ እንደ ጣለባት አላውቅም። ኳሷ ግን ታምራለች፤ ለቅያሜ ማብረጃ ትሆናለች። በዚያው ወደ ቤት ብንመለስ ይህን ጽሑፍ ባላነበባችሁ ነበር።

ሰሚራ ሽቅብ ወጥቶ እየጮኸ ቁልቁል የሚምዘገዘገውን ባቡር አሳየችኝ። ለብቻዋ አያስወጧትም፤ እናቷ ደግሞ ኳሷን ይዛለች። ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አላስታውስም። የማስታውሰው እየወጣን ሳለ አሶሳ ያሉ ዘመዶቼን በሙሉ በስማቸው መጥራቴንና ሰሚራ «አባዬ፣ ገና አልጀመረም እኮ» ማለቷን ነው። ወረድን። መውጫው በስጦታ ሱቅ በኩል ነው፤ ብልሆች ናቸው፣ ሰውን የሚይዙት ማሰብ ሲያቅተው ነው። ግድግዳው እየዞረ ገባሁ። ጥግ ላይ ክብና ዝቅ ያለ በርጩማ አየሁ። አልሃምዱሊላህ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ቅጭቅ» አለ። በርጩማ እንዲህ እንደማይል ባውቅም ለመነሳት አቅም አልነበረኝም፤ ስለዚህ ቀሪውንም ክብደቴን ሰጠሁት። ሻጯ ልጅ መጥታ በትሕትና «ጋሼ፣ እሱ ቅርጫት ነው» አለችኝ። እንደማውቅ ነገርኳት። ለምን እንዳልኩ አትጠይቁኝ፤ ውሸት ሲለምድ ሳይጠሩትም ይመጣል። እሷም ፊቷን ሳትለውጥ «እንግዲያው ልጠቅልልዎት?» አለች።

ስነሳ አየሁት። ከቀርከሃ ስንጣቂ የተሠራ፣ ክዳን ያለው፣ በቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ ቅርጫት ነው። ታቹ ወደ ውጭ ተነፍቷል፤ አንድ ስንጣቂው ተሰብሮ ጫፉ ብቅ ብሏል። ጦይባ ደርሳ ቅርጫቱንም እኔንም አየች። «ቀርከሃ?» አለች። «ከአሶሳ መጥተህ ከአዲስ አበባ ቀርከሃ ልትገዛ? ለቀባሪ አረዱት አሉ።» ዋጋውን ከፈልኩ። በዚህ መሃል ሰሚራ ሌላ ነገር አግኝታለች። ለካ ባቡሩ ላይ ሳለን ፎቶ አንስተውናል፤ ፎቶውንም ኩባያ ላይ አትመው ይሸጣሉ። ሰሚራ በፎቶው ላይ እንደ ጽጌረዳ ፈክታለች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ዓይኑ ተጨፍኖ አፉ ከመከፈቱ የተነሳ መንጋጋው ይቆጠራል። ተቃወምኩ። ልጄ አለቀሰች። ኩባያውም ተገዛ።

የመስታወት ኳሷን መጨረሻ ሳትገምቱት አትቀሩም። አሶሳ ወርደን ሻንጣ ስንጠብቅ ሰሚራ በረዶውን ለማታውቃቸው ሴትዮ ልታሳይ ነቀነቀቻት፤ አምልጣትም ወደቀች። ያ ሁሉ ውሃ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ በረዶው የነጭ ላስቲክ ብጥስጣሽ ነበር። ጦይባ ልጇን አልተቆጣችም፤ «ገበያ ወጥተን ሽቶ እንገዛላቸዋለን» አለችና ተጽናናን።

ነገር ግን ገና ሻንጣችንን ሳንፈታ እማማ ሲቲና መጡ። ቢቀየሙም ከመንገድ የገባን ሰው እንኳን ደህና ገባህ ሳይሉ ማደር በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ነጭ ሻሻቸውን አስተካክለው ገቡ፤ ጦይባን ሳሙ፣ ሰሚራን አቀፉ፣ ለእኔ ደግሞ ግድግዳውን እያዩ «አልሃምዱሊላህ» አሉና ተቀመጡ። ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር። ጦይባ በዓይኗ ወደ ጓዳ ሰደደችኝ።

ጓዳ ውስጥ ሁለት ምርጫ ነበረኝ፤ ኩባያውና ቅርጫቱ። ለሁለት ወር ሊያዩት ያልፈለጉትን ፊቴን፣ ያውም አፉን ከፍቶ፣ እንዴት እሰጣቸዋለሁ? ከፊቴ የተቀመጥኩበት ይሻላል አልኩና ቅርጫቱን ክዳኑን አስተካክዬ፣ የተሰበረውን ወደ ታች አድርጌ በሁለት እጄ አቀረብኩ።

እማማ ሲቲና ተቀብለው አዩት፤ አዙረውም አዩት። ዳሩን በአውራ ጣታቸው ቆጠሩት።

«ይሄ የሃዋ ሥራ ነው» አሉ።

እማማ ሃዋን እናንተ አታውቋቸውም፤ እኔ ግን ግቢያቸውን ከበሬ ላይ ሆኜ አያለሁ። እንደ እማማ ሲቲና ቀርከሃ የሚሠሩ መበለት ናቸው፤ ሁለቱ ማን ይበልጣል በሚለው ነገር ፀጉራቸው የሸበተ ተፎካካሪዎች ናቸው። ሥራቸውን አንድ ነጋዴ እየጫነ አዲስ አበባ ይወስዳል። ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጬ ይዤ የመጣሁት ከጎረቤቴ አጥር የወጣ ቅርጫት ነው። ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ እማማ ሲቲና በተሰበረው ታች ጣታቸውን አሳልፈው አወጡት፤ ሲገዛም እንዲህ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔኑ ጠየቁኝ።

አሁን እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? ነገር ግን የተቀመጥኩበትን ነው ይዤልዎት የመጣሁት ማለት ከባድ ነው። «ሥራው ሳይሆን አይቀርም» አልኩ።

ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ጦይባም ደንግጣ ሳቀች። «የሃዋ ሥራ» እያሉ ቅርጫቱን ይዘው ወጡ። በማግስቱ ሰሚራ እየሮጠች መጣች። «ሀቦባ፣ ልጄ ለመስከረም አይመጣም ብለዋል፤ ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ ብለዋል።» ጦይባ አቀፈችኝ። ደስታዬ ግን በሩን ከፍቼ ግቢውን እስካይ ነው የቆየው። ቅርጫቱ ማንጎው ላይ ተሰቅሏል፤ የተሰቀለውም እኔ በቆረጥኩት ቅርንጫፍ ጉቶ ላይ ነው። ታቹ ወደ መንገዱ ዞሯል።

የእማማ ሲቲና ግቢ የውሃ መንገድ ነው፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ያልፍበታል። ያለፈው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ የማን ሥራ እንደሆነም ሳይነገረው ያውቃል። ነጋዴው በሦስተኛው ቀን፣ በገበያ ቀን ሊጭን እንደሚመጣ ሰማሁ። ያንን ታች ካየ የእማማ ሃዋን ሥራ ዳግመኛ ይወስዳል? ሴትዮዋ ሌላ ገቢ የላቸውም። እንቅልፌ ጠፋ። ማንጎ ሳይኖር እንቅልፍ ማጣት ምን እንደሆነ ያኔ አወቅሁ።

ለጦይባ ስነግራት ዝም አይነቅዝም አለችኝ። ቤታችን በቅርጫት ተመልሶልናል፤ በምላሴ እንዳልመልሰው ለመነችኝ። ግን እሷም እንጀራውን መቁረስ ትታ መሶቡን ነበር የምታየው። ሰሚራ ደግሞ ምሳ ላይ ድንገት «አባዬ፣ አንተ አይደለህ እንዴ የተቀመጥክበት?» አለች። ብስኩት ሰጠኋት። ማታ ደገመችው፤ ሁለት ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራሷ መጥታ «ልናገር?» ብላ እጇን ዘረጋች። ከዚህ በላይ ብቆይ ልጄን ጉቦ በላተኛ አድርጌ ማሳደጌ ነው።

ከቤት ስወጣ እማማ ሃዋ ማንጎው ሥር ቆመዋል። ለገበያ ያዘጋጇቸውን ቅርጫቶች አጠገባቸው ደርድረው የተሰቀለውን ሽቅብ ያያሉ። እማማ ሲቲና ደጅ ባወጡት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። ወደ እነሱ ሄድኩ።

«እማማ ሃዋ፣ ሥራዎ ምንም ጉድለት የለበትም» አልኩ። «የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ። በርጩማ መስሎኝ ነው። የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

እማማ ሲቲና ቢላቸውን አስቀመጡ።

«ቅርንጫፉስ?»

ይህን አልጠበቅሁም። ጦይባ በሩ ላይ ቆማ መሬቱን ታያለች። «እሱንም እኔ ነኝ። በመጋዝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ነፋስ መጋዝ የለውም። ቅርጫቱም፣ የመጀመሪያ ቀን አወቅሁ። ሥራው መጥፎ ሲሆን ከዳር ይፈታል። ከላይ መቀመጫ ሲመጣ ነው መሃሉ ወደ ታች የሚሄደው።» መቀመጫ የሚለው ቃል የእኔ ነው፤ እሳቸው ያሉትን ለመጻፍ አልደፈርኩም። «እንጨት መቆረጥ አላናደደኝም። እንጨት ይበቅላል። አንተ ዓይኔን አይቶ ነፋስ ነው አለ። ከዚህ ጋር እንዴት አንድ ግቢ እኖራለሁ? ስለዚህ ሰቀልኩት። ይናገር እንደሆነ ልይ ብዬ።»

ወደ እማማ ሃዋ ዞርኩ። እሳቸው በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ለካ ቅርጫቱ የተሰቀለው እማማ ሲቲና አስፈቅደዋቸው ነው፤ በዚያችው በገባንበት ቀን ከአጥር ወዲያ ተጠርተው መክረዋል። ስንት ዓመት በቀርከሃ ያልተስማሙ ሁለት ሴቶች እኔን ለማሰቃየት በአንድ ምሽት ተስማሙ። ሦስት ቀን ሙሉ ከእኔ በቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት እውነት ነው፤ የእኔ ግን መጀመሪያውኑ ባዶ አቁማዳ ነበር። አፈርኩ፤ ከዕፍረቱ በላይ ግን ቀለለኝ፣ የእውነት ቀለለኝ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እማማ ሃዋ ግን ዙሪያዬን ዞረው ከላይ እስከ ታች ለኩኝና «ይሄ ሁሉ ሰው ተቀምጦበት አንድ ስንጣቂ ብቻ ሄደ» አሉ፤ ቅርጫታቸውንም አውርደው ለነጋዴው ሊያሳዩት ብብታቸው ሥር አደረጉ። የእማማ ሲቲና ፊት ወዲያው ተለወጠ። ተነስተው ከቤታቸው አንድ የራሳቸውን ቅርጫት አምጥተው መሬት ላይ ደፉና «ተቀመጥ» አሉኝ።

ለመንኳቸው። ጦይባም ለመነችልኝ። ስምምነት የተገኘው አሁን ነው፤ ቅርጫቱ ቢሰበር እንደገና ጉድ ሊፈላ ነው። አልሰሙም። የሰፈሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ከበቡን። ቢስሚላህ ብዬ ቀስ እያልኩ ዝቅ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቅርጫቱን የነካሁት በሱሪዬ ብቻ ነው፤ ክብደቴን ጭኔ ላይ ይዤ እንደተቀመጠ ሰው ፈገግ አልኩ።

«እግርህን አንሳ» አሉ እማማ ሲቲና።

አነሳሁ። ቅርጫቱ «ጥ...» አለ። ጦይባ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ጨፍኜ አፌን ከፈትኩ፤ ሰሚራ በኋላ ልክ እንደ ኩባያው ነበርክ ብላኛለች። «ጥ» ያለው ነገር እዚያው ላይ ቆመ። ሌላ ድምፅ የለም። አንድ ዓይኔን ስከፍት ቅርጫቱ እንዳለ አለ፣ እኔም እንዳለሁ አለሁ። ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። እንዲህ ያለ እፎይታ በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ከቅርጫቱ ላይ ሳልነሳ ደቂቃዎች ቆየሁ። እማማ ሲቲና አጠገቤ መጥተው በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ያዙና በሰሚራ በኩል ሳይሆን ለእኔው «ቤትህ ነው» አሉኝ። እማማ ሃዋ ደግሞ ፍየል ቢቀመጥበትም ይችላል፣ የሚፈተነው ሲጓጓዝ ነው ብለው ሌላ ክርክር ከፈቱ።

ኩባያውን እማማ ሲቲና ጠይቀው ወስደውታል። እንግዳ ሲመጣ ከርከዴያቸውን፣ የቀይ አበባ ሻያቸውን፣ የሚጠጡት በእሱ ነው፤ ፊቴን ወደ እንግዳው አዙረው።

ይኸው ግንቦት ተመልሶ መጥቷል። የተቆረጠው ጉቶ አጠገብ አዲስ ቅርንጫፍ ወጥቷል፤ ገና ፍሬ አልያዘም፤ ወንድሞቹ ግን ቆርቆሮው ድረስ ተንጠራርተው ይዘዋል። ይህን እየጻፍኩ ሳለ «ጓ!» አለ። «ትርርር» አለ። ዝም አለ። ብዕሬን ይዤ ጠበቅሁ፤ ወረደ፤ እሰይ አልኩ። ወጥቼ ሳየው የበሰለ ማንጎ ነው። እማማ ሲቲና ዛፉ ሥር ተቀምጠው በኩባያቸው ከርከዴ ይጠጣሉ። ምን ድምፅ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነፋስ ነው» አሉኝ።